ነቢዩ ያለበት ቡድን

በዚህች አገር ዩኒቨርሲቲ የረገጠ ሰው ሁሉ ነቢዩን ያውቀዋል። ስሙ ሌላ ሊሆን ይችላል፤ ትምህርቱም ሕግ ይሁን እርሻ ለውጥ የለውም። መምህሩ «በቡድን ሆናችሁ ሠርታችሁ አምጡ» ያሉ ዕለት በየቡድኑ አንድ ነቢዩ ይበቅላል። ማንም አይመርጠውም፤ ማንም አይሾመውም። ሥራው ሲታዘዝ «ይሄማ ቀላል ነው» ይላል። ሥራው ሲሠራ የለም። ሥራው ሲያልቅ ደውሎ «ስሜን ጻፋችሁ አይደል?» ይላል።

ሥርጉት የራሷን ነቢዩ ያገኘችው አቃቂ ነው። የእሷኛው ደግሞ እውነተኛ ስሙም ነቢዩ ነበር።

ሥርጉት በባዮሎጂ ተመርቃ ቃሊቲ አንድ የዱቄት ፋብሪካ ውስጥ፣ ጥራት ክፍል ትሠራ ነበር። ከስንዴ ጋር መዋል አልከፋትም። ስንዴ አይስቅም፤ መልስ አይመልስም፤ ከኋላ ወንበር ሆኖ አያፏጭም። ያም ሆኖ ልቧ ከልጅነቷ ጀምሮ መምህርነት ላይ ነበር። ስለዚህ ዲግሪ ያለው ሰው ሁለተኛ ደረጃ ለማስተማር የሚወስደውን የመምህርነት ዲፕሎማ ልትማር ተመዘገበች። ዩኒቨርሲቲው የቅዳሜና እሑድ ተማሪዎቹን የሚያስተምረው አቃቂ ባለ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ውስጥ ነው። ባለ ትዳሩ፣ ባለ ልጁ፣ ጢሙን ያሳደገው ሁሉ ለዘጠነኛ ክፍል ልጆች በተሠራ ዴስክ ውስጥ ጉልበቱን አጣጥፎ ገብቶ፣ እንዴት መምህር እንደሚኮን ይማራል።

የሚያስተምሯቸው ዶክተር አሰጋሽ ናቸው። ዩኒቨርሲቲ ከመግባታቸው በፊት ረጅም ዘመን በየሁለተኛ ደረጃው ኖረዋል። ድምፃቸውን ከፍ አያደርጉም፤ መነጽራቸውን ዝቅ ካደረጉ ግን ክፍሉ ጸጥ ይላል። በመጀመሪያው ቅዳሜ ቡድን ሲመሠርቱ በአቀማመጥ ቆረጡት። ሥርጉት አጠገብ ሐጀራ ነበረች። ሐጀራ ፊዚክስ የተማረች፣ ቤተሰቦቿ ከወሎ መጥተው ቃሊቲ የመኪና መለዋወጫ የሚነግዱ፣ ነገር ማለዘብ የማታውቅ ልጅ ናት። ሁለቱ በዓይን ተግባብተው ደስ ባላቸው ቅጽበት በሩ ተከፈተና አንድ ሰፊ ትከሻ ያለው ሰው፣ ጆሮው ላይ ስልክ እንደለጠፈ፣ ሰፊ ፈገግታውን ለክፍሉ ሁሉ እያደለ ገባ። በቅርብ ያገኘው ክፍት ቦታ ከእነሱ ጎን ነበር። የተከበሩ አቶ ነቢዩ እንዲህ ሆነው ነው ሦስተኛ አባል የሆኑት።

ክቡርነታቸው የጂኦግራፊ ምሩቅ ናቸው። የሚሠሩት ቃሊቲ ያለ የጭነት መኪኖች ግቢ ውስጥ፣ ስምሪት ላይ ነው። የትኛው መኪና የት እንዳለ፣ የትኛው ሹፌር የት ምሳ እንደበላ ሁሉን ያውቃሉ። የማያውቁት የቡድን ሥራው መቼ እንደሚሰጥ ብቻ ነው።

የመጀመሪያው ሥራ ስለ ጎረምሶች ሥነ ልቦና ነበር። ነቢዩ ርዕሱን ሲሰማ ሳቀ። ሁላችንም ጎረምሳ ነበርን፣ ምን ያስቸግራል አለና ጠፋ። ሥርጉት መልእክት ትልካለች፤ «አለሁ አለሁ» ይላል። ትደውላለች፤ መብራት የለም። ደግማ ትደውላለች፤ ኔትወርክ የለም። ሦስተኛ ስትደውል መብራቱም ኔትወርኩም መጥተው ሞጆ ላይ መኪና ቆሞበታል። ሥርጉትና ሐጀራ ጽፈው ጨረሱ። ሊሰጡ አንድ ቀን ሲቀራቸው ነቢዩ ሽፋኑን ሠርቶ ላከ። ዙሪያው በአበባ የታጠረ ሽፋን ነው፤ የቡድኑ አባላት ዝርዝር ላይ ነቢዩ አንደኛ ነው። ሐጀራ ደውላ በፊደል ተራ ከሆነ አንተ መጨረሻ ነህ ስትለው፣ ሳይደናገጥ በዕድሜ ነው አላት።

ሁለተኛው ሥራ ሌሰን ፕላን ማዘጋጀት ነበር። ያኔ ሐጀራ ግዴታ አስገብታው ቃሊቲ አንድ ጭማቂ ቤት ተገናኙ። ነቢዩ ትኩስ ሳምቡሳ በወረቀት ጠቅልሎ መጣ፤ ስፕሪስ አዘዘላቸው፤ የጻፉትን አንድ ገጽ አይቶ እንዲህ ያለ ጽሑፍ በሕይወቴ አላነበብኩም አለ። ይህስ እውነቱን ሳይሆን አይቀርም። ከዚያ ስልኩ ጠራ፣ «መጣሁ» ብሎ ወጣ፣ በዚያው ቀረ። በኋላ ምን ሠራህ ሲባል፣ ቡድን ውስጥ ሞራል የሚባል ሥራ እንዳለና እሱ የሞራል ክፍል ኃላፊ እንደሆነ አስረዳ።

ክፋቱ ሳምቡሳው ጥሩ ነበር። ነቢዩ ባለበት መቆጣት አይቻልም፤ ሲቆጡት ደግሞ የለም።

ዓመቱ እንዲህ ተገፍቶ ግንቦት ላይ ዶክተር አሰጋሽ የመጨረሻውን ሥራ አወጁ። ወረቀት ማንበብ ሰልችቶኛል አሉ። እያንዳንዱ ቡድን አንድ ትምህርት ያዘጋጃል። ትምህርት ቤቱ ቅዳሜ ጠዋት ለዘጠነኛ ክፍል ልጆች ማጠናከሪያ ይሰጣል፤ ከቡድኑ አንድ ሰው እዚያ ገብቶ ሙሉ ክፍለ ጊዜ ያስተምራል፤ ነጥቡ ለሦስቱም ይያዛል።

«ማን እንደሚያስተምር በር ላይ እነግራችኋለሁ» አሉ። «ስለዚህ ሦስታችሁም ተዘጋጁ።»

ለእነ ሥርጉት የደረሳቸው ዲፍዩዥን ነበር። ርዕሱ የባዮሎጂ ስለሆነ ደስ ሊላት ሲገባ ሥርጉት እንቅልፍ አጣች። ለፋብሪካው እንደምትለቅ ተናግራ ነበር። ቱሉ ዲምቱ፣ ከምትኖርበት ኮንዶሚኒየም አጠገብ፣ አንድ ትምህርት ቤት ዲፕሎማዋን ይዛ ከመጣች ከመስከረም ጀምሮ ሊቀጥራት ቃል ገብቷል። ይህ ኮርስ ከተበላሸ ደግሞ ዳግመኛ የሚሰጠው በዓመቱ ነው።

ፍርሃቷ ሁለት ነበር። አንደኛው ዶክተር አሰጋሽ ነቢዩን ቢጠሩትስ የሚለው ሲሆን፣ ይህን ለሐጀራ ነግራታለች። ሁለተኛውን ለማንም አልነገረችም። እሷን ቢጠሯትስ? ከወር በፊት በክፍል ጓደኞች ፊት የማስተማር ልምምድ ሲደረግ፣ ሥርጉት ሰሌዳው ላይ ርዕስ ልትጽፍ ዞራ በዚያው ሳትመለስ ትምህርቱን ከዳር እስከ ዳር ለሰሌዳው ተናግራ ጨርሳ ነበር። ያን ቀን ዶክተር አሰጋሽ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው «ሰሌዳው በደንብ ገብቶታል» አሉ እንጂ ሌላ ነገር አልጨመሩም። ክፍሉ ሳቀ። ነቢዩ ብቻ አልሳቀም፤ አልነበረማ።

ሐጀራ ነገሩን ቆረጠች። ነቢዩ ከቡድኑ ይውጣ፤ ለዶክተር እንነግራለን፤ ግን ከጀርባው ስለማይሆን አስቀድሞ ለእሱ ይነገረው። ማን ይንገረው ሲባል ሐጀራ እኔ ከነገርኩት እንጣላለን አለች። ሥርጉት ደወለች። ነቢዩ ከግቢው መውጣት አልችልም፣ ነይ አላት።

ግቢው ጭቃ ነው፤ በጭቃው ላይ የጭነት መኪናዎች አፍንጫና አፍንጫቸውን ገጥመው ቆመዋል። የነቢዩ ቢሮ ከኮንቴነር የተሠራች፣ መሀሏ በኮምፔንሳቶ የተከፈለች ክፍል ናት። ወንበሩን ለሥርጉት ለቅቆ እሱ የባትሪ ሣጥን ላይ ተቀመጠ። ሥርጉት መንገድ ላይ ስታጠናው የመጣችውን ተናገረች። ሁለት ሥራ ሠርተን ስምህን ጻፍን፤ ሦስተኛውን ግን አንችልም፤ የእኔ ሥራ አለበት፣ የሐጀራም ድካም አለበት አለችው። ስልኩ ጠራ። ነቢዩ አላነሳውም። ደግሞ ጠራ። አሁንም አላነሳውም። ሥርጉት እንዲህ ሲሆን አይታ ስለማታውቅ ደነገጠች።

ለመብራቱ መልስ አዘጋጅታ ነበር። ለኔትወርኩም፣ ለሞጆውም መልስ ነበራት። ነቢዩ ግን ስልኩን ኪሱ ከተተና ቀና አለ።

«ምክንያት ስፈልግ ነበር» አላት። «አጣሁ። ስንፍና ነው።»

ለዚህ መልስ አላዘጋጀችም። ሳቋ አመለጣት። ስትስቅ እሱም ሳቀ። ሊጣሉ የተገናኙ ሁለት ሰዎች ኮንቴነሯ እስክትነቃነቅ ሳቁ። ሥርጉት ሳቋ ሲያባራ በራሷ ተናደደች፤ የመጣችበት ጉዳይ እጇ ላይ ቀልጦ ቀረ። ሳቅ ካዋረደኝ አይቀር አለችና ቆፍጠን ብላ ሌላ ነገር አመጣች።

«እንግዲያው ትማራለህ። እሑድ እሑድ ከክፍል ስንወጣ እዚህ እመጣለሁ። እኔ አስተምራለሁ፣ አንተ ቁጭ ብለህ ትሰማለህ። በር ላይ አንተን ከጠሩህ ትገባለህ።»

ነቢዩ ትምህርት ወንበሩ ድረስ ከመጣለት ምን ተቃውሞ ሊኖረው ይችላል? ተስማማ።

ሐጀራ ስትሰማ ነቢዩን ልታስወጪ ሄደሽ ራስሽ ተማሪ አድርገሽው መጣሽ ብላ አፌዘችባት። እሑድ ሲሆን ግን እሷም መጣች፤ ለምስክርነት ነው አለች። ሥርጉት ወረቀቷን አወጣችና ዲፍዩዥን ማለት ቅንጣቶች ከፍተኛ ክምችት ካለበት ቦታ ዝቅተኛ ክምችት ወዳለበት ቦታ የሚያደርጉት እንቅስቃሴ ነው ብላ ጀመረች። ገጹ ሳይገለበጥ የነቢዩ ዓይን ፈዘዘ። ትንሽ ቆይቶ ጎማ አይቼ ልምጣ ብሎ ወጣ። ብቅ ብለው ሲያዩ ሮሪሳ ከሚባለው ሹፌሩ ጋር የኳስ ወሬ ይዟል።

ሥርጉት በጣም ተናደደች። ማታ ግን ቤቷ ሆና ነገሩን ስታብሰለስል አንድ ነገር ገባት። ዲፕሎማውን አብረዋት የሚማሩት ሁሉ ጨዋዎች ናቸው። ቢሰለቻቸውም ይነቀንቃሉ፤ ባይገባቸውም ይጽፋሉ። ነቢዩ ማስመሰል አይችልም። ትምህርቱ ሲሞት ፊቱ ላይ ይሞታል። ትምህርቱን እንደ አዲስ ሠራችው።

በሚቀጥለው እሑድ እስከ ግማሽ ድረስ ይዛው ሄደችና እንደገና ጠፋባት። አሁን አልተቆጣችም፤ የቱ ጋ እንደወጣ ጠየቀችው። ነቢዩ በቅንነት አሰበና «ቅንጣት ስትዪ ነበርኩ። ክምችት ስትዪ ወረድኩ» አላት። ሐጀራ ከጥግ ሆና ዕውነቱን ነው፣ እኔም እዚያው ጋ ነው የወረድኩት አለች።

ሦስተኛው እሑድ ላይ ነበር ነገሩ የተገለበጠው። ሥርጉት ስለ ውሃና ስለ ቀለም እየተናገረች፣ ነቢዩ አገጩን በመዳፉ ደግፎ ሊያሸልብ ሲል፣ ድንገት ቀና ብሎ አፍንጫውን ነፋ።

«ማነው ብርቱካን የላጠው?» አለ።

ከኮምፔንሳቶው ማዶ ሮሪሳ መክሰሱን እየበላ ነበር። ሥርጉት ወረቀቷን አስቀመጠች።

«ብርቱካኑን አየኸው?»

«አላየሁትም። ሸተተኝ።»

«ብርቱካኑ እዚያ ማዶ ነው፤ አፍንጫህ እዚህ ነው። ማን አመጣልህ?»

ነቢዩ ዞሮ ኮምፔንሳቶውን አየ። ማንም አላመጣውም፣ ራሱ ነው የመጣው አለ። ሥርጉት ልክ ነህም አላለችው፤ ተሳስተሃልም አላለችው። ታዲያ መጀመሪያ የሸተተው ለማን ነው ብላ ጠየቀች። ለሮሪሳ። ለምን? እሱ ጋ ስለሚበዛ። ከዚያስ? ከበዛበት ወደሌለበት ይመጣል። እስከ መቼ? ነቢዩ ተነስቶ ቆመ። ሐጀራም ከጥግ ተነስታ መጣች፤ ሽታው ለምን አርፎ እንደማይቀመጥ በፊዚክስ ልታስረዳ ገባች። ሮሪሳም ብርቱካኑን እንደያዘ በሩ ላይ ቆሞ የእኔ መክሰስ ምን አድርጎ ነው አለ። ስልኩ ጠራ፤ ነቢዩ አንስቶ «ስብሰባ ላይ ነኝ» ብሎ ዘጋው። በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ስልክ ላይ እውነቱን ተናገረ።

ከዚያ በኋላ ሥርጉት እሑድን እየናፈቀች መጣች። ነቢዩ አሁንም አንድ መስመር አልጻፈም። ሥዕሎቹን የሠራችው ሐጀራ ናት፤ ዕቅዱን የጻፈችው ሥርጉት ናት። ክቡርነታቸው የባትሪ ሣጥናቸው ላይ ተቀምጠው «አልገባኝም» ይላሉ፤ ሥርጉትም ሌላ መንገድ ትፈልጋለች። እንዲያውም አንድ ቀን ነቢዩ ራሱ ቃሊቲ መናኸሪያ ያለውን ግፊያ ምሳሌ አድርጎ፣ ሰው ከተጨናነቀበት ወደ ባዶው አውቶቡስ ሲፈስ፣ ዲፍዩዥንን ከመጽሐፉ አሳምሮ አስረዳቸው። ሐጀራ ምስጋና አይወጣትም፤ ያን ቀን ግን ሳምቡሳውን እሷ ገዛች።

የተባለው ቅዳሜ ሰኔ ላይ፣ ከጠዋት ጀምሮ ሲዘንብ ደረሰ። ነቢዩ ኮት ለብሶ መጣ። በኋላ እንደታወቀው የሠርጉ ኮት ነው፤ ትከሻው ላይ ጠቧል። ሦስቱ ከዘጠነኛ ክፍል በር ላይ ተደርድረው ሲቆሙ ከውስጥ የልጆቹ ጫጫታ ይሰማል። ዶክተር አሰጋሽ መጡ፣ ጃንጥላቸውን አጠፉ፣ ሦስቱን በየተራ አዩ።

«ሥርጉት» አሉ።

ሐጀራ በረጅሙ ተነፈሰች። ነቢዩ ግን ፊቱ ወደቀ። ደግመው ይጠሩ እንደሆነ እየጠበቀ ከበሩ አልተንቀሳቀሰም። ክቡርነታቸው ከልባቸው ተዘጋጅተው ነበር። ይህ ነገር ከዝናቡም በላይ ሁሉንም አስገረመ።

ሥርጉት ገባች። ዶክተር አሰጋሽ፣ ሐጀራና ነቢዩ ከኋላ ግድግዳውን ተደግፈው ተቀመጡ። ሰላምታ ሰጠች፣ ጠመኔ አነሳች፣ ርዕሱን ልትጽፍ ዞረች። ጻፈችውም። ከዚያ መዞር አልቻለችም። ጣቷ ከጠመኔው፣ ጠመኔው ከሰሌዳው ተጣብቆ ቀረ። ከኋላዋ ሹክሹክታ ጀመረ፣ ሹክሹክታው ወሬ ሆነ፣ አንድ ቦታ ሳቅ ተሰማ። ሥርጉት የዱቄት ፋብሪካውን አሰበች። ስንዴ እንዴት ያለ መልካም ነገር ነው።

በዚህ መሀል ከመጨረሻው ረድፍ አንድ ማዛጋት መጣ። ማፈር የሌለበት፣ ድምፅ ያለው፣ መንጋጋ የሚያናጋ ማዛጋት። ሥርጉት ይህን ማዛጋት ታውቀዋለች። እዚህም ነቢዩ ብላ በንዴት ዞረች።

ነቢዩ አልነበረም። እሱ ከዶክተር አሰጋሽ አጠገብ፣ እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ ለሽምግልና እንደተላከ ሰው ቀጥ ብሎ ተቀምጧል። ያዛጋችው አንዲት ረጅም ልጅ ናት፤ ጭንቅላቷን ቦርሳዋ ላይ አሳርፋለች። ሥርጉት አየቻት። ልጅቷ ፊት ላይ ክፋት የለም፣ ንቀትም የለም። ወርዳለች፣ በቃ። እኔ ይህቺን ልጅ አውቃታለሁ አለች ሥርጉት በልቧ። በነዚያ እሑዶች ሁሉ ያስተማርኳት እሷን ነው።

ጠመኔዋን አስቀመጠች። ከቦርሳዋ ብርቱካን አወጣችና በረድፎቹ መሀል አልፋ እስከ መጨረሻው ዴስክ ሄደች። ስሟን ጠየቀቻት። ተቅዋ ነው አለች ልጅቷ፣ ቅጣት እየጠበቀች።

«ተቅዋ፣ ይሄን ላጪልኝ» አለቻት። «ሌሎቻችሁ ወደ ፊት ዞራችሁ ዓይናችሁን ጨፍኑ። የሸተተው እጁን ያውጣ።»

ዓይኖች ተጨፈኑ። ተቅዋ በጥፍሯ ልጣጩን ሰነጠቀችው። መጀመሪያ የጎኗ ልጅ እጇን አወጣች። ከዚያ ከፊታቸው ያለው ረድፍ፣ ከዚያ መሀሉ፣ ከዚያ ትንሽ ወደ ፊት። በመጨረሻ የቀሩት ፊት ለፊት የሚቀመጡት ጎበዞች ነበሩ፤ ዓይናቸውን ጨፍነው አፍንጫቸውን እየነፉ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ መቀደማቸው ከንክኗቸው። በዚያ ክፍል ታሪክ ዕውቀት ከኋላ ወንበር ተነስቶ ወደ ፊት ሲሄድ ያን ቀን የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም።

ከዚያ በኋላ ሥርጉት ሰሌዳው መኖሩንም ረሳችው። ብርቱካኑ የታለ፣ አፍንጫችሁ የታለ፣ ማን አመጣው እያለች ስትጠይቅ ልጆቹ እርስ በርስ ተከራከሩ። አንዱ ነፋስ ነው ሲል ሌላው መስኮቱ ዝግ ነው አለው። ነፋስ ሲዞር የአካባቢው የቆዳ ፋብሪካ ሽታ እስከ ቤታቸው እንዴት እንደሚደርስ ለመናገር ግማሹ ክፍል ተነሳ። ደወሉ ሲደወል ማንም ቦርሳውን አላነሳም። ተቅዋ እጇን አውጥታ፣ ሽታው ክፍሉን ሁሉ እኩል ከሞላ በኋላ ቅንጣቶቹ ይቆማሉ ወይስ ይሄዳሉ ብላ ጠየቀች። ሐጀራ ለመመለስ ከወንበሯ ብድግ ስትል ነቢዩ ቀሚሷን ጎትቶ አስቀመጣት።

ኮሪደሩ ላይ ዶክተር አሰጋሽ ጊዜ አልጠበቅሽም፣ የመጨረሻው ማጠቃለያም ቀርቷል አሏት። ይህን የሚሉት ግን ፊታቸው በርቶ ነው። ከዚያ ማን ምን እንደሠራ ጠየቁ። ሐጀራ ሥዕሉንና የፊዚክሱን ክፍል ተናገረች። ተራው የነቢዩ ሆነ። ሥርጉት ክቡርነታቸው ሞራል እንዳይሉ ፈራች።

«እኔ ምንም አልጻፍኩም፣ ዶክተር» አለ ነቢዩ። «አልገባኝም እያልኩ ተቀምጬ ነበር።»

«ስንት ጊዜ?»

«እስኪገባኝ።»

ሥርጉት ከመምህሯ ፊት ሳትጠየቅ ተናግራ አታውቅም። አሁን ተናገረች። «ዶክተር፣ እሱ ባይሰለቸው ኖሮ እኔ ማስተማር አልችልም ነበር። ያሠለጠነኝ እሱ ነው።»

ዶክተር አሰጋሽ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው ነቢዩን አዩት። ነጥቡ ለሦስቱም ይያዛል አሉ። ነቢዩ ግን የኋላ ወንበር ተማሪ ለምን እንደሚሰለች ከመጽሐፎቹ ይልቅ እሱ ስለሚያውቅ፣ ያንን በአምስት ገጽ ጽፎ ከሁለት ሳምንት በኋላ ያመጣል። ነቢዩ ትንሽ አሰበና በቡድን መሆን ይቻል እንደሆነ በትሕትና ጠየቀ። ዶክተር አሰጋሽ ጃንጥላቸውን ከፍተው «ይቻላል፤ አንተ ከራስህ ጋር ተቧደን» ብለው ሄዱ።

ዝናቡ አላባራም። ነቢዩ በእጁ ያለው ሥልጣን አንድ ብቻ ነው፤ ተጠቀመበት። ደወለና ሮሪሳ ጭነት ሊያነሳ ባዶውን ወደ አዳማ ሲወርድ በትምህርት ቤቱ በር እንዲያልፍ አደረገ። ሐጀራን የቃሊቲ ታክሲ መያዣው ጋ፣ ሥርጉትን ቱሉ ዲምቱ ያወርዳሉ። አራቱ ጋቢና ውስጥ ተጠባብቀው ተቀመጡ። ሐጀራ ሽታው ስንት ደቂቃ እንደፈጀ እያሰላች ታወራለች፤ ነቢዩ የጎበዞቹን ፊት እያስመሰለ ያስቃል። እርጥብ ልብሳቸው ይተናል፤ መስታወቱ በእንፋሎት ታፈነ። ሮሪሳ በጨርቅ ጠረግ ጠረግ እያደረገ ለወግ ያህል፣ ሰው ሲበዛ ይሄ መስታወት የሚታፈነው ለምንድነው አለ።

ምስኪን ሮሪሳ። ጋቢናው ውስጥ ሦስት መምህር መጫኑን ረስቶታል።

ሥርጉት ስለ ትንፋሽ ጀመረች። ሐጀራ ትንፋሽ ብቻውን ምን ያደርጋል፣ ዋናው የመስታወቱ ቅዝቃዜ ነው አለች። ነቢዩ ሁለቱንም አቋርጦ ይሄ መስታወት እንጦጦ ማለት ነው፣ እኛ ደግሞ ደመናው ነን ብሎ በጣቱ ተራራ ሳለ። ሥርጉት ከጎኑ ሳንባ ሳለች። ሐጀራ በሁለቱ መሀል ቀስት አሰመረች። ሮሪሳ በተራራውና በሳንባው መሀል በቀረችው ቀዳዳ መንገዱን እያየ፣ ሊጠርገው ቢያምረውም እየፈራ ነዳ። ታክሲ መያዣው አለፈ፤ ሐጀራ አላየችም። የቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየሞች መጥተው ሄዱ፤ ሥርጉት እጇ መስታወቱ ላይ ነበር። ቤቷ እንዳለፋት ያወቀችው መኪናው የፈጣን መንገዱ መግቢያ ላይ ካርድ ለመቀበል ሲቆም ነው። ወራጅ ማለት ነበረባት። ነቢዩን አየችው፤ የሠርግ ኮቱ እጅጌ በመስታወት ውሃ ርሷል፣ አፉ አላረፈም። መስከረም ላይ የምትገባበት ትምህርት ቤት የጂኦግራፊ መምህር ይፈልግ እንደሆነ ሰኞ ጠዋት ልትጠይቅ በልቧ ወሰነች፤ ወራጅም ሳትል ቀረች።

«ቶሌ፣ ገብቶኛል» አለ ሮሪሳ፣ ማምለጫ እየፈለገ።

ሦስቱም አላመኑትም።

«እስቲ በራስህ አባባል ንገረን» አለችው ሥርጉት።

ሮሪሳ ካርዱን በአንድ እጁ እንደያዘ አሰበ። እኛ ውስጣችን ውሃ አለ ብሎ ጀመረ። ተንተባተበ፣ መለሰው፣ ከሌላ በኩል ያዘው። ሦስቱ ወደ ፊት አዘንብለው፣ ትንፋሻቸውን ውጠው፣ ከአፉ አፉ ይጠብቁ ጀመር። ከኋላቸው ያለው መኪና ጥሩንባውን አስረዘመው፤ ሌላውም ተከተለው። ነቢዩ መስኮቱን አውርዶ በዝናቡ ውስጥ አንገቱን አወጣ።

«አንዴ ታገሡን» አላቸው በትልቁ ፈገግታው። «ሊደርስበት ነው።»